ፏ ያለ ውሸት

«ፏ ላድርገው?»

አሮጌ ፎቶ ስካን ለማስደረግ ፎቶ ቤት የገባችሁ ሁሉ ይቺን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። ልጁ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ እጁ ማውሱ ላይ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይጠይቃችኋል። እናንተም «አዎ፣ ፏ ይበል» ትላላችሁ። ማን «አይ፣ ደብዘዝ ብሎ ይሁንልኝ» ይላል? ልጁ ብራይትነስ የምትባለዋን ወደ ቀኝ ይገፋታል። ኮንትራስት የምትባለዋንም ወደ ቀኝ። (ወደ ግራ የሚገፋ ፎቶ ቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።) ነገሩ አስር ሰከንድ አይፈጅም። በአስር ሰከንድ ውስጥ ጋሼ ሌላ ሰው ሆነው ይወጣሉ፣ ላሚኔት ይደረጋሉ፣ ሳሎን ይሰቀላሉ።

የዛሬው ጠቤ ከዚያች አስር ሰከንድ ጋር ነው።

«ወንድሜ፣ ሌላ የምትጣላው ነገር አጣህ?» የሚል አይጠፋም። እሺ። ግን አሮጌ ፎቶ ከአልበም ወጥቶ ፎቶ ቤት የሚሮጠው መቼ መቼ እንደሆነ አስቡት። ሰው ሲሞት። ሌሊቱን ድንኳን ይተከላል፣ ለዕድር ይነገራል፣ ከጎረምሶቹ አንዱ ደግሞ «ፎቶውን አሳድገህ አሳጥበህ ና» ተብሎ ይላካል። ትልቅ ፎቶ የለም። ያለችው ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ወይም አልበም ጥግ የተገኘች 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ ናት። ልጁ ይቸኩላል፣ ፎቶ ቤቱም ይቸኩላል፣ ስላይደሯ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። በማግስቱ እናት ያንን ፍሬም ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። የምታለቅሰው ለልጇ ነው። ያቀፈችው ግን ማታ ፎቶ ቤት ውስጥ የተፈጠረውን ሰውዬ ነው። ከ40ው በኋላም ያው ፍሬም ነው ግድግዳው ላይ የሚቀረው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወለዱት የልጅ ልጆች የሚያውቁትም እሱን ብቻ ነው።

አሁን ስላይደሯ ምን እንደምትሠራ እንይ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ጨለማ የምትገልጥ መጋረጃ ነገር ትመስለናለች። አይደለችም። ስካነር ፎቶውን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይሰጠዋል። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ። ባለ ቀለም ከሆነ ደግሞ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ እያለ ሦስት ሦስት ቁጥር። ፎቶው ማለት እንግዲህ ይኸው የቁጥር ክምር ነው።

አንድ አስተማሪ አስቡ። ፈተናው ከበደና ለክፍሉ ሁሉ 40 ማርክ ጨመረ። ከ100 በላይ ማርክ ደግሞ የለም። 60 ያመጣው 100 ሆነ፤ 75 ያመጣችው 100 ሆነች፤ 98 ያመጣችውም ያው 100። ክፍሉ ፏ አለ! በማግስቱ ዳይሬክተሩ «የጨመርከውን ቀንስ» አሉት። ቀነሰ። ሦስቱም 60 ሆኑ። ጎበዟ የት ሄደች? የለችም። የመጀመሪያው የማርክ ወረቀት ካልተቀመጠ በቀር ማንም አይመልሳትም።

ቀላሉ ብራይትነስ ይኸው ነው፤ ለሁሉም ነጥብ እኩል መጨመር፣ ጣሪያ የነካውን ሁሉ አንድ ማድረግ። ፎቶሾፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሲኤስ 3 ላይ ስሌቱን ለዘብ አድርጎ የድሮውን «ሌጋሲ» በሚል ስም ጥግ ላይ አስቀምጦታል። አዲሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው የሚገፋው እጅ ካለ አያድንም። ኮንትራስት ደግሞ ይብሳል፤ ከመካከለኛው በላይ ላለው ይጨምራል፣ ከመካከለኛው በታች ካለው ይቀንሳል። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው ዓይነት ነው።

ለዚህ ማርክ አሰጣጥ የእኛ ሰው ፎቶ ከብዙዎቹ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ለምን ብትሉ፣ ጠይም ፊት እና ነጭ ነጠላ። ፊቱ ታች ነው ያለው፣ ነጠላው ከመጀመሪያውም ጣሪያው ሥር ነው። ፊቱን ላብራ ብለህ ሁሉንም አንድ ላይ ስትገፋ የነጠላው እጥፋት ይጠፋል፣ ፈትሉ ይጠፋል፣ ፈዛዛ ጥለት ካለውም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው በመቀስ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት የለበሰች ሴትዮ ናት። ያንን ነጠላ የፈተለችው ራሷ ልትሆን ትችላለች እኮ! ኮንትራስቱ ሲጨመር ደግሞ ፀጉርና ጥቁር ኮት ተዋህደው አንድ ጉድጓድ ይሆናሉ።

ስለ ነጠላው ይህን ያህል ካልኩ ወደ ፊቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉድ እዚያ ነው።

አማርኛ ስለ ሰው መልክ ሲያወራ ስስታም አይደለም። ቀይ አለ፣ ብስል ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፤ በየመካከላቸውም «ጠየም ያለ»፣ «ቀላ ያለች» እየተባለ ስንት ደረጃ አለ። አያቶቻችን በዓይናቸው ብቻ የሚለዩትን ይህን ሁሉ ስላይደሯ አንድ ታደርገዋለች። ፎቶ ቤቱ ጋር ያለው መልክ አንድ ነው፤ ስሙም «ፏ» ይባላል። ጠይሙም ፏ፣ ጥቁሩም ፏ። አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አምስት ወንድማማቾች አምስቱም ከአንድ የዱቄት ከረጢት የወጡ መስለው አይቻለሁ።

ደግሞ «ማጽዳት» የሚባል አለላችሁ። የአያቴን ብቸኛ ፎቶ አክስቴ አንድ ፎቶ ቤት ወስዳው ነበር። አያቴ አንገቷ ላይ በሦስት ረድፍ የዞረ ንቅሳት ነበራት፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ መስቀል። ፎቶው ሲመለስ ግንባሩ ባዶ፣ አንገቱ የሕፃን አንገት። አክስቴ «የኔ ልጅ፣ ንቅሳቷስ?» ስትለው ልጁ በቅንነት ነው የመለሰላት፦ «ማዘር፣ ቆሻሻ መስሎኝ አጸዳሁት እኮ!» የመጀመሪያው ስካንስ? «ላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ»። ዋናው ወረቀትስ? «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር»። እስከ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደ ነበረ ነው።

ልጁን አልረግመውም። በሥቃይ የተነቀሰን ጌጥ ቆሻሻ ብሎ እንዲያይ ያስተማረው እሱ የፈጠረው ነገር አይደለም። ታሪኩም ከፒያሳ አይጀምርም። ኮዳክ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ መጀመሪያ በተነሣችው የኩባንያው ሠራተኛ ስም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው፤ በቃ። የእናንተ እናት ቆዳ በዚያው ማሽን ጥላሸት መስሎ ቢወጣ ጥፋተኛዋ እናታችሁ ናት ማለት ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ኮዳክ ቡናማ ቀለምን በቅጡ የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የአንዱ ቸኮሌትና የሌላው ልዩነት፣ የአንዱ እንጨትና የሌላው ልዩነት ማስታወቂያ ላይ አልታይ ብሏቸው ነው። ሰው አቤት ሲል ሳይሆን ቸኮሌት አቤት ሲል ተሰማ!

ስላይደሯ ወደ ግራ ስትገፋም ቅን ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1994 «ታይም» መጽሔት የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮና ጥላ አልብሶ ሽፋኑ ላይ አወጣው። በዚያው ሳምንት «ኒውስዊክ» ያንኑ ፎቶ ሳይነካካ አወጣ። ሁለቱ መጽሔቶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙና አገር ጉድ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ፤ አንዱ ሽፋን ላይ ተከሳሽ፣ ሌላው ላይ ጭራቅ። ገና አልተፈረደበትም ነበር። ጥቁረትን ማብዛት ወንጀለኛ ማስመሰያ ከሆነ፣ ጥቁረትን መቀነስ የምን ማስመሰያ እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ። አሜሪካኖቹ ግን ቢያንስ አንድ ዕድል ነበራቸው፤ የሚያነጻጽሩበት ሁለተኛ ሽፋን። የእኛ ሳሎን ውስጥ ሁለተኛ ሽፋን የለም።

አሁን የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ድሮስ ቢሆን ፎቶ አንሺዎች ያሳምሩ አልነበር?» ያሳምሩ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ስቱዲዮዎች ነጋቲቭ ላይ በእርሳስ ሽብሽብ ይደልዙ ነበር፤ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በብሩሽ ከንፈር ያቀሉ ነበር። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ካልወደደው «ይህ እኔን አይመስልም» ብሎ ይመልሰዋል። የሞተ ሰው አይመልስም። ሁለተኛ፣ ያ ማሳመር የዘመኑ ነው፤ እሱም ራሱ ታሪክ ሆኗል። የዛሬው ግን ዛሬ ተሠርቶ የ1960ዎቹ ነኝ ይላል። የሠርጋችሁን ፎቶ እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ብትፈልጉ ሠርጉን ፓሪስ አድርጉት። እናንተ በሕይወት አላችሁ፣ ለራሳችሁ ትናገራላችሁ።

ሁለተኛው ክርክር ይሻላል፦ «ፎቶው እኮ ደብዝዟል፤ እንዲሁ ይቀመጥ ነው የምትለው?» በፍጹም። ደብዝዞ የቀረ ፎቶም ውሸት ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የታጠቡት ባለ ቀለም ፎቶዎች አልበም ውስጥ ተዘግተው ሲኖሩ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ቀለማቸው ቀድሞ የሚሄደው ሲያን የሚባለው፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይቀላል፤ ፊቱ ቀይ፣ ግድግዳው ቀይ፣ ጥላው ሳይቀር ቀይ። እማማ ቀይ ዳማ ስለነበሩ አይደለም፣ ቀለሙ ስለሞተ ነው። ይህንን ማስተካከል ተገቢ ነው። ግን የሚስተካከለው በብራይትነስ አይደለም፤ ሌቭልስ ወይም ከርቭስ በሚባለው ውስጥ ገብቶ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ለየብቻ በማየት ነው። ፎቶው ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ካለው እሱ ምስክር ነው፤ ያ ወረቀት ሲታጠብ ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ ነበር፣ እሱን ወደ ቦታው ስትመልሰው ሌላው አብሮ ይመለሳል። ፊቱ ጨልሞ ከሆነ በከርቭስ መካከሉን ብቻ ቀስ አድርጎ ማንሣት ይቻላል፤ ጥቁሩ ጫፍ ጥቁር፣ ነጩ ጫፍ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ ነጠላውም አይነድም። በምሳሌያችን ብንሄድ፣ ይህ አስተማሪ ማርክ ሲጨምር የክፍሉን ደረጃ ሳያፋልስ ነው የሚጨምረው።

«አውቶ» የምትባለዋን ደግሞ አትመኑ። እሷ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ጎትታ ጥግ እስከ ጥግ ትወጥረዋለች፤ ፎቶ ሁሉ ውስጡ ድፍን ነጭና ድፍን ጥቁር አለው ብላ ነው የምታምነው። ጉርድ ፎቶው ደማቅ ቀይ መጋረጃ ፊት የተነሣ ከሆነ ከቀዩ ጋር ስትታገል ፊቱን አረንጓዴ ልታደርገው ትችላለች።

ስካኑም ራሱ በስስት ነው የሚደረገው። 3 በ 4 ሴንቲሜትር የሆነች ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ ስካን ስትደረግ 354 በ 472 ነጥብ ብቻ ትሰጣለች። ኤ4 ወረቀት በዚያው ጥራት ለመሙላት ግን 2,480 በ 3,508 ያስፈልጋል። የጎደለውን ማን ይሞላዋል? ኮምፒውተሩ፣ በግምት። በ1,200 ስካን ለማድረግ ግን የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ብዙዎቹ ስካነሮች ደግሞ 16 ቢት የሚባል ምርጫ አላቸው፤ ከ256 ደረጃ ፈንታ 65,536 ደረጃ። በቲፍ ይቀመጥ ብትሉት «ፋይሉ ይከብዳል» ይላችኋል። ይክበዳ! ፍላሽ ይዤ የመጣሁት ለምን ሆነና?

ግምት ካነሣን አይቀር፣ አሁን ደግሞ ስላይደሯን የሚያስንቅ መጥቷል። አሮጌ ፎቶ አስገቡ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ቀለም ይቀባዋል፣ ያጠራዋል፣ ካስፈለገም ያስቀንደዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት «ፐልስ» የተባለ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ተሰጥቶት «ሲያጠራው» አንድ ነጭ ሰውዬ አወጣ። በዓለም ላይ ከታወቁት ጥቁር ፊቶች አንዱ ይህ ከሆነ፣ ማንም የማያውቃቸው የደብረ ማርቆሱ አያታችሁ ምን ሊሆኑ ነው? እሳቸው ላይ «ተሳስተሃል» የሚል ሰው እንኳን የለም።

በፌስቡክ የሚዞሩት ቀለም የተቀቡ የምኒልክ ዘመን ፎቶዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በዚያ ዘመን የነበሩት የፎቶ ሰሌዳዎች ቀይን አያዩም ነበር። ቀይ ነገር ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ቆዳም ከእውነቱ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ከዚያ ፎቶ ላይ የካባው ቀለም ይህ ነው፣ የሰውዬው መልክ ያ ነው ብሎ መማል አይቻልም። መረጃው መጀመሪያውኑ አልተቀዳም። ከታች «በቀለም የተዘጋጀ» ብሎ የሚጽፍ ስንት ገጽ አለ? ሼር ስናደርግስ ማን ይጽፋል? ልጆች ግን ጣይቱን በዚያ ቀለም ይስሏቸዋል።

ነገሩ ከፊት ፎቶም ያልፋል። ብራና ላይ ጥቁርና ቀይ ቀለም አለ። ቀዩ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የክፍል መጀመሪያ በእሱ ይጻፋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው ትልቁ የብራና ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ሲያዘጋጁለት የኖሩት ስብስብ ነው። ባይነሣ ኖሮ ምን ያህሉን እናጣ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩ ስም እዚያ ላይ ሳሳ ያለ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። እነሱ አማራጭ አልነበራቸውም። እኛ ግን ባለ ቀለም ካሜራ ኪሳችን ውስጥ ይዘን፣ በስልክ ስካን አፕሊኬሽን «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን መርጠን ያንኑ እናደርጋለን። ገጹ ፏ ይላል፤ ቀዩ ይሳሳል፣ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ይጠፋል። የአባትህን የቤት ካርታ እንደዚህ አድርገህ በቴሌግራም ላክና ወይን ጠጁ ማኅተም የት እንደገባ ፈልግ።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ግድግዳው ላይ ፊት ነው፤ ፊት፣ ፊት፣ አሁንም ፊት። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ በእኛ ዕድሜ ያሉ። አፍሮው፣ ሰፊው ኮሌታ፣ ቀጥ ያለው እይታ። ከእንዲህ ያለ ልጅ ለቤተሰቡ የቀረችው ነገር አንዲት ጉርድ ፎቶ ልትሆን ትችላለች፤ መቃብርም ላይኖር ይችላል። ያቺን ጉርድ ፎቶ ይዞ ፎቶ ቤት የሚገባ እህት ወይም ወንድም ዛሬም አለ። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ ያቺ አስር ሰከንድ የምትሠራው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቶ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ምንም ያልተነካውን ስካን በፍላሻችሁ ተቀበሉ። ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ በሌላ ፋይል፣ በሌላ ስም። አጠገቡ ቁሙ፤ ሰውየውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ እንጂ ልጁ አይደለም። «ጠይም ነበር» በሉት። «ጠባሳው ይቆይ» በሉት። ዋናውን ወረቀት ሳትቀበሉ ከበሩ እንዳትወጡ።

ጀርባውንም ስካን አስደርጉ። ጀርባውን ማንም አይጠይቅም፤ የስቱዲዮው ማኅተም፣ ቀኑ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለው ያለው እዚያ ነው። እስክሪብቶው ደብዝዞ ከሆነም ብራይትነሷን አትንኩ፤ በ16 ቢት ይቀመጥ፣ ቀስ ብለን እናነበዋለን።